መርዶ በፌስቡክ

ዛሬም እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ልፃፈው እስኪ፣ ምናልባት ይወጣልኝ ይሆናል።

ባለፈው ረቡዕ ከስራ ስመለስ ሜትሮ ባቡር ውስጥ ቁጭ ብዬ ፌስቡክ ስጎረጉር የአጎቴ ፎቶ መጣ፣ ያ ደሴ ግቢያቸው ውስጥ ጋቢ ለብሰው የተነሱት፣ ደስ ብሎኝ ላይክ ላረግ ስል ከስሩ የሻማ ኢሞጂና "ነፍስ ይማር" ተደርድሯል። በቃ እንደዛ ነው የሰማሁት። እንዳልደውል ደሴ ሌሊት ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ እንዳልጮህ ሜትሮ ነው፣ ሻርፔን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ሲልቨር ስፕሪንግ ደረስኩ።

በኛ ወግ እኮ መርዶ ሰው ይዞ ነው የሚመጣው። በማለዳ በርሽ ሲንኳኳ ሆድሽ ያውቀዋል፣ ግን ስትወድቂ የሚይዝሽ እጅ አለ። እዚህ አሜሪካም አልተውነውም፣ ከሀገር ቤት መጀመሪያ ለጓደኛሽ ነው የሚደወለው፣ ላንቺ "ትንሽ አመም አድርጓቸዋል" ትባያለሽ፣ ጓደኛሽ ሰው አሰባስባ ስራ ሳትገቢ ያረዱሻል። ድሮ በካርድ ደቂቃ እየቆጠርን ስናወራ ይሄ ሁሉ ይቻል ነበር፣ አሁን ማውራት ነፃ ሆነና ወሬ የሚይዝ ጠፋ። ፖስት ያረገው የ16 አመት ልጅ ነው አሉ። አልፈርድበትም፣ ለሱ እኮ አጎቱን ማክበሩ ነው።

ስራ ቦታ ያለች አሜሪካዊት ጓደኛዬ እናቷ ሲሞቱ ለሁላችንም በኢሜይል ነበር የነገረችን፣ ሁሉም የልብ ምልክት ላከላት። እኔ ደሞ ምግብ ሰርቼ ሳልደውል ቤቷ ሄድኩ (ለቅሶ ተደውሎ ይኬዳል እንዴ?)። በር ላይ ቆማ አመሰገነችኝ፣ ግቢ አላለችኝም። ያኔ በጣም ነበር የከፋኝ። ለካ ለሷ ኢሜይሉ እንባዋን ሰው ሳያይባት የምትናገርበት ነው፣ ለኔ ደሞ ያው ስክሪን ብቻዬን የጣለኝ ነገር ሆነ።

ሀሙስ ንጋት 12 ሰዓት በሬ ተንኳኳ። ማወቄን ለማንም አልተናገርኩም ነበር፣ ሌሊቱን ነጠላዬን አጠገቤ አድርጌ ስጠብቃቸው ነው ያደርኩት። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው "ልጄ..." ሲሉ ገና እንዳዲስ ጮህኩ፣ እርሜን ያወጣሁት ያኔ ነው።

በኋላ ሰው ያሰባሰበችው ጓደኛዬ ኩሽና ቡና እያፈላች ቀስ ብላ "መቼ ነው ያየሽው?" አለችኝ።

"ትላንት፣ ሜትሮ ላይ።"

ስኒ ማጠቧን ቀጠለች።