የተቃጠለው ጭራ

ኤፍ-100 ሱፐር ሴበር የተባለውን የድሮ የአሜሪካ ተዋጊ ጄት የምወደው ለጭራው ስል ነው። ሞተሩን የሸፈነው የኋላ ብረት ከሙቀቱ ብዛት ወርቃማ፣ ቡናማ፣ ሰማያዊ ይሆናል፤ የሞተር ሳይክል ጭስ ማውጫ አይታችሁ የለ? እንደዛ።

1:72 ሞዴሌን (ርዝመቱ ከእውነተኛው ጄት 72 ጊዜ ያነሰ) መጀመሪያ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀባሁት፣ ብርማው ቀለም ከላዩ ሲያርፍ መስታወት እንዲመስል። ችኩል ነኝና ጥቁሩ በደንብ ሳይደርቅ ብርማውን ደረብኩበት፣ ከዛ ሳነሳው የአውራ ጣቴ አሻራ ክንፉ ላይ ቁልጭ ብሎ ቀረ። በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ሀ ብዬ ጀመርኩ።

ጭራው ላይ በኤርብራሽ (ቀለም በአየር ግፊት የሚረጭ ትንሽ መሣሪያ) በጣም የቀጠነ ቡናማና ሰማያዊ ነፋሁበት፣ ትንሽ በትንሽ። በየመገጣጠሚያው ጥቁር ቀለም እያፈሰሱ ጄቱን አሮጌ ሚኒባስ የሚያስመስሉት ሞዴል ሠሪዎች ግን አይገቡኝም።