የኋላውን ኦርጋን ወደ ሐዋሳ ከመጫናችሁ በፊት

አሜሪካ ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ ወይም ከሌላው ጋር ሲጠቃለል የቧንቧ ኦርጋኑ ብዙ ጊዜ «ነቅሎ ለሚወስድ በነጻ» ይባላል። ያኔ የሐዋሳ ልጆች መደዋወል እንጀምራለን፦ ኮንቴይነር ስንት ነው፣ ቀረጡስ፣ አዳራሹ ይበቃዋል ወይ? የኦርጋኑ ዋና ክፍል መድረኩ ጋ እንደሚቆም ሁሉም ይስማማል። የሚያጨቃጭቀው ከመግቢያው በር በላይ፣ ፎቁ ላይ የሚቀመጠው ሁለተኛው ክፍል ነው።

አንዳንዱ በጀርመን የፓሳው ካቴድራልን ያነሣል። እዚያ አምስት ቦታ የተቀመጡ ኦርጋኖች ከአንድ መጫወቻ ይታዘዛሉ፤ ቧንቧው 17,974 ነው። ለሐዋሳው የኋላ ክፍል ግን አራት ስቶፕ (አንድ ዓይነት ድምፅ ያለው የቧንቧ ረድፍ) ይበቃል፦ ፕሪንሲፓል 8 ጫማ፣ ገዳክት 8 ጫማ፣ ኦክታቭ 4 ጫማ እና አንድ 2 ጫማ። እያንዳንዱ 61 ቧንቧ ስላለው በድምሩ 244 ይሆናል። የ8 ጫማው ፕሪንሲፓል ረጅሙ ቧንቧ እግሩን ሳይጨምር 2.4 ሜትር ነው፤ የፎቁ ጣሪያ ዝቅ ካለ አይቆምም። ገዳክት አፉ የተደፈነ ስለሆነ ለዚያው ድምፅ ግማሹ ቁመት ይበቃዋል። ስለዚህ የታችኛዎቹን 12 ድምፆች ሁለቱ ባለ 8 ጫማ ስቶፖች ከገዳክቱ ይጋሩ፤ ቦታም ይተርፋል፣ 12 ከባድ ቧንቧም ይቀንሳል። ለስላሳ፣ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ የሚሹ ደግሞ ሁለተኛ ገዳክትና ሴለስት (ድምፁ እንዲርገበገብ ትንሽ ተዛንፎ የሚቃኝ ስቶፕ) ጨምረው መዝጊያ ባለው ሳጥን ይክተቱት ይላሉ። ጉባኤው ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሚዘምርበት አዳራሽ ግን ይህ ቅንጦት ነው።

ርቀቱን በሜትር ለኩ። ድምፅ በ25 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 346 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፎቁ ከመድረኩ 35 ሜትር ቢርቅ የኋላው ድምፅ ለተጫዋቹ የሚደርሰው አንድ አሥረኛ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ጆሮውን እያመነ ከተጫወተ እየጎተተ ይሄዳል፤ እጁን ይመን። ጆሮ ሁለት ድምፅን አንድ አድርጎ የሚሰማው መዘግየቱ ከ50 ሚሊሰከንድ ገደማ ካላለፈ ነው፤ በርቀት 17 ሜትር መሆኑ ነው። የፊት ወንበር ላይ ያሉት ከዚያ በላይ ስለሚርቁ የኋላው ክፍል ከዋናው ለስለስ ማለት አለበት። በጭብጨባና በከበሮ የሚዘመር ፈጣን የሲዳምኛ መዝሙር ሲጀመርማ ጨርሶ ዝጉት።

ትልቁ ጠንቅ ሙቀት ነው። ተራ ቧንቧ አየሩ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ድምፁ 3 ሳንቲም ያህል ከፍ ይላል፤ 100 ሳንቲም ግማሽ ቶን ነው። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እኩለ ቀን ላይ ፎቁ ከመድረኩ በ8 ዲግሪ ቢበልጥ ልዩነቱ 24 ሳንቲም ነው፤ 440 ላይ ያለውን ላ ከሁለቱም ስትጫወቱት በሰከንድ 6 ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ትሰማላችሁ። ምላስ ያላቸው ቧንቧዎች ከሙቀቱ ጋር ብዙም ስለማይንቀሳቀሱ ልዩነቱን ያብሱታል፤ እንደ ትራምፔት ያለ ባለ ምላስ ስቶፕ ከኋላ አታስቀምጡ የምንለው ለዚህ ነው። ኮርኒስ አስቀድሙ፣ ክፍሉን የቻላችሁትን ያህል ዝቅ አድርጉት፤ ብሎወሩም (ነፋስ የሚሰጠው ማሽን) አየር ከኮርኒሱ በላይ ሳይሆን ከአዳራሹ ይሳብ።

ነፋሱን ከመድረኩ በ35 ሜትር ቱቦ አትውሰዱ፤ ትልቅ ኮርድ ሲመታ ግፊቱ ይወርዳል። ለኋላው የራሱ ትንሽ ብሎወርና የነፋስ ማጠራቀሚያ ይኑረው። እዚህ ላይ ከአሜሪካ የሚላከው ብሎወር ጉድ ይሠራል። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ፣ የእኛ 50 ነው። ሞተሩ ፍጥነቱ ወደ አምስት ስድስተኛ ይወርዳል፤ የነፋስ ግፊት ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚቀንስ 69 በመቶው ብቻ ይቀራል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ግፊቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሁለቱ ሲደመሩ እዚያ በውኃ ከፍታ ሲለካ 100 ሚሊሜትር የነበረው ግፊት እዚህ 56 አካባቢ ይሆናል። ለ75 የተቃኘ ቧንቧ በዚህ ነፋስ ዘግይቶ ይናገራል፣ ድምፁም ዝቅ ይላል። መፍትሔው ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ከፍሪኩዌንሲ መቀየሪያ ጋር ነው፤ ከ60 ኸርዝም ትንሽ ማስበለጥ ይቻላል፣ አምፔሩን እየለካችሁ። አዲስ ካዘዛችሁ ለአምራቹ 50 ኸርዝና ከፍታውን ንገሩት። ግፊቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፦ የሚያሳይ የግሉኮስ ቱቦ በግማሽ ክብ አጥፋችሁ ውኃ ሙሉበት፣ አንዱን ጫፍ ከነፋስ ሳጥኑ አገናኙት፣ የሁለቱን ውኃ ከፍታ ልዩነት በማስመሪያ አንብቡ።

ኦርጋኑ የእያንዳንዱን ቧንቧ ቫልቭ በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚከፍት ዓይነት ከሆነ ሽቦውን አስሉት። በአራቱም ስቶፕ የአሥር ጣት ኮርድ 40 ማግኔት ይቀሰቅሳል፤ እያንዳንዱ 0.15 አምፔር ቢወስድ 6 አምፔር ነው። ይህን በ1.5 ካሬ ሽቦ ከመድረኩ ብታመጡት መሄጃና መመለሻው 70 ሜትር ስለሚሆን 5 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይጠፋል፤ ነጠላ ኖታ ይሠራል፣ ኮርድ ሲመታ ግን አንዳንዱ ዝም ይላል። ኃይል አቅራቢውን ፎቁ ላይ አድርጉት፣ ከመድረኩ የመረጃ ገመድ ብቻ ይምጣ።

ክፍሉን በወንፊት ሽቦ ክደኑ። የሐይቁ አባ ኮዳ ባይገባም የሌሊት ወፍ ይገባል፣ አይጥም የኦርጋኑን ቆዳ ይበላል። እንጨቱ ከግድግዳው ሳይነካ በብረት እግር ይቁም፣ ምስጥ እንዳይወጣበት። ከኋላው ደግሞ 60 ሳንቲሜትር መተላለፊያ ተዉ፤ አለበለዚያ ቃኚው የፊቱን ቧንቧ እየነቀለ ነው የኋላውን የሚደርስበት። መቃኘቱም ባዶ አዳራሽ ውስጥ በማለዳ ሳይሆን ሁለቱ ክፍሎች የእሑድ አምልኮ ሰዓት ሙቀት ላይ ሲደርሱ ይሁን።