ሽበትን ከሱፍ ማላቀቅ

«ሲርበው ይበላል» የሚል ሰው በቀቀን አሳድጎ አያውቅም። ውሻ ሲርበው ይበላል። በቀቀን ግን ፊቱ ያለው ነገር ምግብ መሆኑን ካላወቀ፣ ሰሃን ሙሉ ካሮት አጠገቡ ተቀምጦ ጦሙን ሊውል፣ ጦሙን ሊያድር፣ ሲብስም ሊሞት ይችላል። ይህን የምለው ሰሞኑን አንድ ወዳጃችን ቤት መጥቶ፣ በቀቀናችን አትክልት እምቢ ማለቱን ሲሰማ «ሁለት ቀን ሱፉን ከልክይው፣ በሦስተኛው ድንጋይም ይበላል» ስላለኝ ነው። ፈገግ ብዬ ቡና ቀዳሁለት። መልሱን እዚህ ልተንፍሰው።

ሽበት የኛ ቤት ወፍ ነው። ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን። ጭራው ብቻ ደማቅ ቀይ፣ የቀረው ሁሉ ሽበት። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤታችን የነበሩ አሜሪካዊት ሴትዮ ወደ መጦሪያ ሲገቡ ከነኬጁ፣ ከነከረጢት ጥሬው ለኛ ተዉልን። የድሮ ስሙ ሌላ ነበር፤ ባለቤቴ ገና ሲያየው «ጋሽ ሽበት» አለው፣ በዚያው ጸና። በደንብ ከተያዘ እንዲህ ዓይነቱ ወፍ አርባና ሃምሳ ዓመት ይኖራል። ልጆቹ ከቤት ወጥተው እሱ አብሮን ሊጦር ነው ማለት ነው።

ከረጢቱ ላይ «ድብልቅ» ይላል። እውነትም ስንዴ፣ የደረቀ በቆሎና ጥቃቅን እህል አለበት። ሽበት ግን ያንን ሁሉ በምንቃሩ እየገፋ ወለል ላይ ይበትንና የሱፍ አበባውን ፍሬ ብቻ ይለቅማል። ሱፍ ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው። ካልሲየሙ ትንሽ ነው፣ ቫይታሚን ኤ ደግሞ የለበትም ማለት ይቻላል። ሴትዮዋ ወፉን ይወዱት ነበር፣ ምንም አልልም። የሚወደውን ሰጡት።

ማስነጠስ ሲያበዛ የወፍ ሐኪም ጋ ወሰድነው። ዋጋውን አልጽፍም፣ እማዬ ታነበዋለች። ሐኪሟ በፎጣ ጠቅልላ ይዛ አፉን ከፈተችና በመብራት አሳየችኝ። ጤነኛ በቀቀን ላንቃው ላይ፣ በመሃል ባለችው ስንጥቅ ዳርና ዳር፣ ጥቃቅን ሹል ነገሮች ተደርድረው ይታያሉ። የሽበት ዶልዱመዋል። የቫይታሚን ኤ እጥረት ሲቆይ እንዲህ ያደርጋል አለችኝ፤ ማስነጠሱም ከዚያው ሳይሆን አይቀርም። ግራጫዎቹ ደግሞ በካልሲየም ማነስ የታወቁ ናቸው። ሲብስባቸው ያንቀጠቅጣቸዋል፣ ከቆሙበት እንጨት ይወድቃሉ። ምክሯ አጭር ነበር፦ ቅጠላ ቅጠል፣ ብርቱካናማ አትክልት፣ ፔሌት (ተፈጭቶና ተደባልቆ በጥቃቅን ፍሬ መልክ የሚሸጥ የወፍ መኖ)፣ ሱፉን ግን ቀስ እያልሽ ቀንሺ። «ቀስ» የምትለዋን ደጋግማ ነው ያለቻት። ሚዛንም ግዢ አለችኝ።

ገዛሁ። በግራም የሚለካ የኩሽና ሚዛን ነው፤ ባለቤቴ ላዩ ላይ አጭር እንጨት አሰረበት። ጠዋት ጠዋት ምንም ሳይቀምስ ይወጣበታል። ሽበት 450 ግራም ገደማ ነው። ከዚህ ላይ አንድ አስረኛው፣ 45 ግራም ማለት ነው፣ ከቀነሰ ሁሉን ነገር ትተን ወደ ሱፉ እንመለሳለን፤ ወደ ሐኪሟም እንሮጣለን። ስምምነታችን ይሄ ነው። ወዳጄ «ከልክይው» ሲለኝ በሆዴ ያሰላሁት ይህችን 45 ግራም ነበር። አንድ ቁራጭ ዳቦ ታህላለች።

መጀመሪያ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ካሮት በጣት ልክ ቆርጬ ኬጁ ውስጥ ሰካሁለት። ጥግ ላይ ወጥቶ ላባውን አጣብቆ ጮኸ። እባብ ያየ ነው የሚመስለው። ጎመን ሰቀልኩለት፣ ወደዚያ ወገን መሄዱን ተወ። በደቃቁ ከትፌ ከሱፍ ጋር ቀላቀልኩለት። ሱፉን አንድ በአንድ እያወጣ፣ የተጣበቀበትን ካሮት እንጨቱ ላይ እየጠረገ በላ። የተቀቀለ ስኳር ድንችማ ግድግዳውን ነው የቀባበት። አሁንም ከሶፋው ጀርባ የደረቀ አለ፣ እያወቅኩ ዝም ብዬዋለሁ።

እንዲህ ሆኜ ስኳር ድንች እየላጥኩ እማዬ በቪዲዮ ደወለች።

«ለማን ነው?»

«ለሽበት።»

«አይ አንቺ! ሰው የሚቀምሰው አጥቶ ለወፍ ትቀቅያለሽ?» አለችና ትንሽ ቆይታ፣ «በቆልትስ ሞክረሽለታል?»

አልሞከርኩም ነበር። ሞኝ ነገር ነው እንጂ ከዚህ የተሻለ መሸጋገሪያ የለም። በቆልት እኮ ለእሱ አሁንም ጥሬ ነው፤ ቅርጹ አልተለወጠም፣ ውስጡ ግን ሕይወት ጀምሯል። ምስር፣ ሽምብራና ስንዴ ማታ እዘፈዝፋለሁ፣ ጠዋትና ማታ በንጹሕ ውሃ እያለቀለቅኩ አጠልለዋለሁ፣ ነጭ ጭራ ብቅ ሲል አልቆ ሰሃኑ ውስጥ ነው። ትንሽ እንኳ ከሸተተ ይደፋል፤ ሻጋታ ወፍ ይገድላል። እማዬ በባቄላ ነው የምታውቀው፣ እኔ ግን ባቄላም ቦሎቄም ሳይበስል አልሰጠውም። ቦሎቄ ጥሬውን መርዝ ነው። ሽበት ምስሩን ገፋው፣ ስንዴውን አገላብጦ አየው፣ ሽምብራዋን በግራ እግሩ ይዞ ቅርፊቷን ላጠና ግማሿን በላ። ግማሿን ወለል ላይ። ይሁን።

ዋናው ነገር የመጣው ግን በሁዳዴ ነው፣ እኔም ሳላስበው። ከሥራ ገብቼ ሽሮ በቃሪያ እየበላሁ ነበር፣ እሱ ትከሻዬ ላይ ነው። ቃሪያውን ገምጬ ሳነሳ አንገቱን ሰግጎ ከእጄ ነጠቀኝ። በቃ ተቃጠለ ብዬ ውሃ ልሰጠው ተነሳሁ። እሱ እቴ! ሰንጥቆ ፍሬዋን እየለቀመ፣ ዓይኑን እያጠበበ እያሰፋ ይበላል። ለካ ወፍ ማቃጠሉ አይሰማውም። ምላሳችንን የሚያነደው ካፕሳይሲን የሚባለው ነገር የሚይዘው የኛን የአጥቢዎቹን ነርቭ ነው፤ የወፎቹ አይቀበለውም። ተክሉም ተጠቅሟል፣ ወፏ ፍሬውን ሳታደቅ ይዛ ሄዳ ሌላ ቦታ ትጥልለታለች። ሽበት ሆዬ ከኛ ቤት ሰው ሁሉ በላይ ቃሪያ ቻይ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ የገባኝ ነገር፣ ሰሃኑ ውስጥ ያስቀመጥኩለትን ስንት ጊዜ ሲሸሸው የነበረው ወፍ ያንኑ አትክልት ከእጄ ላይ ሲያየው ምግብ ነው ብሎ ማመኑ ነው። ለነገሩ ከየት ይማር? አሜሪካ ከዱር የተያዙ ወፎች እንዳይገቡ የሚከለክለውን ሕግ ያወጣችው በፈረንጆቹ 1992 ነው። የኛው ሽበት እዚሁ ከእንቁላል የወጣ፣ ጫካ በዓይኑ ያላየ ወፍ ነው። ኮንጎና ካሜሩን ያሉት ዘመዶቹ ዘይት የሚወጣውን ቀዩን የፓልም ፍሬ ሲበሉ፣ ቅባቱንም ለቫይታሚን ኤ የሚሆነውንም አንድ ላይ ያገኙታል፤ ጫጩቱ ደግሞ ትልልቆቹን እየተከተለ፣ እነሱ የሚበሉትን እያየ ነው የሚያድገው። አዲስ አበባ ልጅ ሆኜ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጽድ ላይ የሚንጫጩ፣ ግንባራቸው ቀላ ያለ ትንንሽ አረንጓዴ ወፎች ነበሩ። የበቀቀን ዘር መሆናቸውን ያወቅኩት እዚህ መጥቼ ነው። የጽድ ፍሬ ሲለቅሙ አንዷ ብቻዋን ስትበላ አይቼ አላውቅም። ሽበት ደግሞ ያለው መንጋ እኔና ባለቤቴ ነን፣ እኛም የምንበላው እሱ በሚተኛበት ሰዓት ነበር።

አሁን ጠዋት አብረን ነው የምንበላው። እሱ ትራፔዛው ላይ፣ እኔ ወንበር ላይ። ቃሪያውን ስንግ አደርግለታለሁ። አዎ፣ የወፍ ስንግ! ሽንኩርትና ጨው የሌለው፣ ውስጡ ጎመን፣ ካሮት፣ የተቀቀለ ስኳር ድንችና በቆልት የተጠቀጠቀ። ፍሬውን ሊደርስበት ሲል ጎመኑን መቅደድ አለበት፣ ሲቀድ ይቀምሳል፣ ሲቀምስ ይለምዳል። ጎመኑን በዚህ መንገድ ነው የገባበት። ቆስጣም ይወዳል፣ ግን ቆስጣ ካልሲየሙን አስሮ የሚይዝ ነገር ስላለበት አላበዛበትም። በሳምንቱ መጨረሻ ብዙ ከትፌ በትንንሽ ፌስታል ፍሪዘር ውስጥ እከታለሁ፣ ማታ አንዷን አወጣለሁ። የተረፈውን ሥራ ከመሄዴ በፊት አነሳለታለሁ፤ እርጥብ ምግብ ኬጅ ውስጥ ሲውል ይበላሻል፣ በጋ ላይማ ወዲያው ነው። ሱፉ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ ተለክቶ። ጨርሼ አልከለከልኩትም፣ ልከለክለውም አላስብም። ሚዛን ላይ ሲወጣ ደመወዙ እሱ ነው።

ሐበሻ ቤት ወፍ ለሚያሳድግ ግን ሌላ ጣጣ አለ። የኛ ወጥ ሁሉ የሚጀምረው በሽንኩርት ነው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ለበቀቀን አይሆንም፤ ስለዚህ የእሱ ድርሻ ድስቱ ሳይጣድ በፊት ይወጣል። አቮካዶ ፈጽሞ። እኛ በብርጭቆ የምንጠጣው ነገር በቀቀን ልቡን ይዞ ሊገድለው ይችላል። እንግዳ ሲመጣ ጭማቂ ይዞ ወደ ኬጁ እንዳይጠጋ የምጠብቀው እንደ ዘበኛ ነው። ቡናና ቸኮሌት እንደዚሁ።

ጭሱ ደግሞ ከምግቡም ይብሳል። የወፍ ሳንባ ጭስ አይችልም። ቡና ስንቆላ፣ እጣን ስናጨስ ሽበት መኝታ ቤት ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ መስኮት ይከፈታል። የማይጣበቀው መጥበሻችንን ጥለን ብረት ገዛን፤ ያ ሽፋኑ ከልክ በላይ ሲግል የሚወጣው ጋዝ ሰው ሳይሸተው ወፍ በደቂቃዎች ይጥላል። የእንጀራ ምጣዱም ሽፋን ስላለው አሁን እህቴ ቤት ነው። እንጀራ የምጋግረው እሷ ጋ ሄጄ ነው፤ ባለቤቴ «ወፍ እንጀራችንን ከቤት አስወጣ» ይላል።

ኩሱን ማየትም ሥራ ሆኗል። ከኬጁ ሥር ነጭ ወረቀት አነጥፋለሁ። ቅጠል ሲበላ አረንጓዴው ይደምቃል፣ ፍራፍሬ የበላ ቀን ውሃው ይበዛል፣ ይህ ተቅማጥ አይደለም። ቀይ ስር የሰጠሁት ዕለት ወረቀቱን አይቼ ክው አልኩ፣ ስልክ አንስቼ ለሐኪም ልደውል ስል ነው የማታው ቀይ ስር ትዝ ያለኝ። እሱ ላዩ ላይ ቁጭ ብሎ «ሃይ ስዊቲ» ይለኛል በሴትዮዋ ድምፅ።

ማስነጠሱ ቀንሷል። ላባው ይበልጥ ያብረቀርቃል፣ ወይም እኔ ስለደከምኩበት እንደዚያ እያየሁት ይሆናል። ሐኪሟ በሚቀጥለው ላንቃውን ታየዋለች። ክብደቱ ትንሽ ወረደና ቆመ፣ ስለዚህ አልፈራሁም። የቀረን ፔሌቱ ነው። አትክልት ብቻ ይበቃል የሚሉ አሉ፣ ፔሌት ብቻ የሚሉም አሉ፣ እኔ ሐኪሟን ነው የምሰማው፣ እሷ ሁለቱንም ትላለች። ሽበት ግን እስካሁን አንድ በአንድ እያነሳ የመጠጫ ውሃው ውስጥ ነው የሚጥለው። ነገ ጠዋት ፈጭቼ ስንጉ ውስጥ ልደብቀው ነው። እኔም ፊቱ አንድ ፍሬ መቅመሴ አይቀርም፣ ባለቤቴ ስልኩን ይዞ እየጠበቀ ነው።