ባዝራዋ ከተሸጠች በኋላ

ደብረ ብርሃን ዳር ባለ አንድ ግቢ ውስጥ አራት የጋሪ ፈረሶች ያድሩ ነበር፤ አንዲት አሮጊት ባዝራና ሦስት ሰንጋዎች (የተኮላሹ ወንዶች)። አዝመራው ተወቅቶ ገበያው በፈረስ በሚሞላበት በጥር መጀመሪያ ባለቤቱ ባዝራዋን ሸጡ። በዚያው ሳምንት ከመንዝ የመጡ ሁለት ፈረሶች ገዝተው አስገቡ፤ አንዱ ያልተኮላሸ ድንጉላ፣ ሌላው ገና ጋሪ ያልለመደ ወጣት ሰንጋ።

ሳምንት ሳይሞላ ከነባሮቹ አንዱ፣ ልጆች በሆዱ ሥር ሲሾልኩ እንኳ ጆሮውን የማያነቃንቀው ዳማ፣ ጠባዩ ተለወጠ። ከበር አልወጣም ይላል። ቢወጣም አንገቱን ወደ ግቢው እየጠመዘዘ ያሽካካል፤ ጭነት ሳይነካው ላብ ያጠምቀዋል። ጭድ ሊሰጠው የገባውን ልጅ ክንዱን ነከሰው። ከሁለት ቀን በኋላ ሦስት ኩንታል ዱቄት ጭኖ ከአስፋልቱ ሲታጠፍ ድንገት ወደ ቤት ዞሮ ሮጠ፤ የግራው ጎማ ቦይ ገባና ጋሪው ተገለበጠ። ሰው አልተጎዳም፤ ዱቄቱ ግን አፈር ሆነ።

ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን አለ። ዓይን ነው ያለ አለ፤ ጸበል ይረጭ ያለም አለ። ነጂው ደግሞ “ጠግቦ ነው” ብሎ ልጓሙን አጠበቀ፣ ጅራፍም ጨመረ። ከሁሉም የከፋው ይሄኛው ነበር። ፈርቶ የሚሮጥ ፈረስ ጅራፍ ሲያርፍበት የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከግቢው መራቅ ያሳምማል። በማግስቱ ገና ጋሪውን ሲያይ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

የተጠራው የእንስሳት ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ውሻ ነው። ሰፈር ውስጥ ያበደ ውሻ ታይቷል ወይ? ፈረሱ ላይ የንክሻ ጠባሳ አለ ወይ? በአገራችን ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ በተለይም መንከስ የጀመረ ፈረስ፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ በእብድ ውሻ በሽታ ይጠረጠራል። በሽታው ከሆነ መዋጥ ያቅተዋል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ የገዛ አካሉን ይነክሳል፣ የኋላ እግሩ ይልፈሰፈሳል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም አብዛኛውን ጊዜ ዐሥር ቀን አይሞላም፣ ይሞታል። በዚህ ጊዜ ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረ ነገር አለ ብሎ እጅን አፉ ውስጥ መክተት ነፍስ ያስከፍላል።

ዳማው ውሃ እንደ ወትሮው ጠጣ፤ ሲዋጥም በአንገቱ ላይ ሲወርድ ይታያል። እንዲያም ሆኖ ሐኪሙ አልተዝናናም። ልጁ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ያኔውኑ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ አደረገ። ፈረሱ ለዐሥር ቀን ከሥራ ወጥቶ አንድ አዋቂ ሰው ብቻ እንዲቀርበው ታዘዘ። ጥርሱን ማየቱም እስከዚያ ቆየ።

ቀጥሎ ሕመም ተፈለገ። የበቀለ የጥርስ ጫፍ፣ በጠፍር የተላጠ ደረት፣ ሰኮና ውስጥ የተቀረቀረ ጠጠር፣ የሆድ ቁርጠት፤ እነዚህ ሁሉ ጨዋውን ፈረስ ክፉ ያደርጋሉ። የሰውነት ሙቀቱ 38 ሆነ፤ የጤነኛ ፈረስ ከ37.5 እስከ 38.5 ነው። መንጋጋው ሥር ባለው የደም ሥር የተቆጠረው የልብ ምት በደቂቃ 42፤ ጤነኛ ፈረስ ዐርፎ ሲቆም ከ28 እስከ 44 ይመታል። የሆዱ ድምፅ በግራም በቀኝም ይሰማል። ድንጉላው በአጠገቡ ሲያልፍ ግን ምቱ ከ70 በላይ ዘለለ፤ ሳይነቃነቅ በቆመበት።

የፊት እግሮቹ ነገር የታየው በመጨረሻ ነው። ከሰኮናው በላይ ባለው መታጠፊያ ፊት ለፊት ሁለቱም እግሮች ተልጠዋል። ነጂው “ጋሪው ሲገለበጥ ነው” አለ። ነገር ግን አንዱ ቁስል ቅርፊት ይዟል፣ ሌላው ገና ደም ያዘለ ነው፤ ጋሪው የተገለበጠው ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሐኪሙ ወደ ባለቤቱ ዞረ።

“ጋሼ፣ ባዝራዋ ከሄደች ወዲህ ይሄ ፈረስ ተጋድሞ ያየው ሰው አለ?”

“ምን ነካህ ልጄ፣ ፈረስ ቆሞ አይደል እንዴ የሚተኛው?”

ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያምነው፤ ግማሹ እውነት ነው። ፈረስ ጉልበቱን ቆልፎ ቆሞ ያንቀላፋል። ጥልቁን እንቅልፍ ግን ጡንቻው ሁሉ ስለሚላላ ቆሞ አይችለውም፤ በቀን ውስጥ ቆራርጦም ቢሆን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ያህል መጋደም አለበት። ይህን ለቀናት ካጣ፣ ቆሞ ሲያንቀላፋ ድንገት እንቅልፉ ይጠልቅና የፊት እግሮቹ ይታጠፋሉ፤ መሬት ሲነካ ደንግጦ ይነሣል። የተላጠው ከዚህ ነው። ፈረስ ደግሞ ያላመነው ቦታ አይጋደምም፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ለዳማው ስትጠብቅለት የኖረችው ባዝራዋ ነበረች።

ማስረጃው ጎኑ ላይ ነበር። ድሮ ጠዋት ጠዋት በግራ ጎኑ የፋንድያ እድፍ ይዞ ይነሣ ነበር፤ ባዝራዋ ከሄደች በኋላ እድፍ ጠፋ። ነጂው ይህን ያየው በደስታ ነው፤ መቦረሽ ቀርቶለታልና።

በረቱ ውስጥ የተደረገው ሁሉ ነገሩን አባብሶታል። ባዝራዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ በመለጠፍ ብቻ ማን ቀድሞ እንደሚበላ ትወስን ነበር። እሷ ስትሄድ ተራው ፈረሰ፤ በዚያ ላይ ሁለት እንግዳ በአንድ ቀን ገባ። ገንዳው አንድ ነው። ድንጉላው ገንዳውን ያዘ፣ ዳማውን ከድሮ ጓደኛው፣ ከነባሩ ሰንጋ ከአምባላዩም እየለየ አባረረው። ማታ ደግሞ ባለቤቱ ጠብ እንዳይኖር ብለው ሁሉንም በአጭር ገመድ አሰሩ፤ የዳማው ችካል ከድንጉላው ችካል ሁለት እርምጃ ነው። ልቅ ቢሆን ይሸሽ ነበር። መሸሽ የማይችል ፈረስ ይራገጣል ወይም ይነክሳል፤ ሌሊቱን ሙሉም ዓይኑን አይከድንም። ጭድ የያዘ ልጅ ሲቀርበው ቀድሞ የታየው የሚነጠቀው ምግብ ነው እንጂ ልጁ አይደለም።

ረኃቡም አለ። እንደ ዳማው 230 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከአራት ኪሎ ተኩል በላይ ደረቅ ሣርና ጭድ ይፈልጋል። የፈረስ ጨጓራ ቢበላም ባይበላም አሲድ ያመነጫል፤ ከስድስት ሰዓት በላይ ባዶውን ሲቆይ ግድግዳው ሊቆስል ይችላል። ከገንዳ የተባረረ ፈረስ ጠዋት ባዶ ሆዱን ተጠምዶ ፉርሽካ ሲጣልለት ችግሩ የተፈታ ይመስላል፤ አልተፈታም። የሚያስፈልገው የሚያኝከው ነገር ነው።

የተወሰደው እርምጃ ብዙ ወጪ አልጠየቀም። ድንጉላው በእንጨት አጥር ተለይቶ ለብቻው ገባ፤ እያያቸው፣ ግን ሳይደርስባቸው። ጨርሶ ከዓይን ማራቅ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ሲያሽካካና አጥር ሲመታ ያድራል። ዳማውና አምባላዩ ጎን ለጎን፣ ያለ ገመድ፣ እያንዳንዱ ሊገላበጥ በሚችልበት ስፋት አደሩ። ከሥራቸው ለምግብ የማይሆን የገብስ ጭድ ስንዝር ያህል ውፍረት ተነጠፈ። የጥር ውርጭ በሚወርድበት በዚያ ደጋ፣ ባዶ ድንጋይ ላይ ማንም አይጋደምም፤ ንፋሱ በሚመጣበት በኩልም ማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ ተንጠለጠለ።

በገንዳ መመገብ ቀረ። ድርቆሹ መሬት ላይ በክምር በክምር ተደረገ፤ የክምሩ ቁጥር ከፈረሶቹ በአንድ ይበልጣል፣ በክምርና በክምር መካከል ቢያንስ የሦስት ፈረስ ርዝመት። አንዱ ሲባረር ሌላ ባዶ ክምር ስለሚያገኝ ጠቡ ትርጉም ያጣል። ክምሩ የሚዘጋጀው ፈረሶቹ ሳይገቡ ነው፤ ምግብ ይዞ መካከላቸው የሚገባ ሰው ርግጫ ይቀምሳል። ማዕዘን ውስጥ ምንም አይቀመጥም፤ ማዕዘን የገባ ደካማ መውጫ የለውም።

ወጣቱ ሰንጋ ለአምስት ቀን አጥር ለአጥር ከአምባላዩ ጋር ተሻተተ፤ ከዚያ ሁለቱ ብቻ ሰፊ ሜዳ ላይ ተለቀቁ፤ ዳማው የተጨመረው ቆይቶ ነው። አዲስ ፈረስ ሲቀላቀል ጩኸት፣ ማባረርና አንዳንድ የጥርስ ጭረት ይጠበቃል። አንዱ ሌላውን ሳያቋርጥ ካሳደደ ወይም የተባረረው ግማሽ ቀን ሳይበላ ከዋለ ግን ይለያሉ።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት የግራ ጎኑ ላይ እድፍ ታየ። ነጂው ሐኪሙ ዘንድ ሲደውል የተናገረው ይህንኑ ብቻ ነበር።

ዐሥሩ ቀን አልፎ ጥርሱም ሲታይ ደህና ሆነ፤ ሥራው እንደ አዲስ ተጀመረ። ባዶውን፣ ያለ ጋሪ፣ ሃምሳ ሜትር ወጥቶ ይመለሳል። ቁምነገሩ ሳይደነግጥ መመለሱ ነው፤ አሽካክቶ፣ ተጠማዝዞ ከተመለሰ ግን መጠምዘዝ ወደ ቤት እንደሚያደርሰው ይማራል። ስለዚህ ርቀቱ የሚጨመረው ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ሲሄድ ብቻ ነው። ከዚያ ባዶ ጋሪ፣ የአምባላዩን ጋሪ ተከትሎ፤ ከዚያ አንድ ኩንታል። ልጓሙ ላላ፣ ከመውጣቱ በፊትም ድርቆሽ ይበላል። ሦስት ኩንታል ለመጫን ሦስት ሳምንት ወሰደ። ባለቤቱ በገቢው ማነስ አጉረምርመዋል፤ የተገለበጠው ጋሪ ጥገና ግን ከዚያ ይበልጥ ነበር።

ድንጉላው ውርጩ ሳይወጣ፣ ዝንብ ሳይበዛ፣ በማደንዘዣና በቴታነስ መከላከያ ተኮላሸ። በዘልማዱ ቀጥቅጦ ማኮላሸት ስቃዩ ብዙ ስለሆነ ሐኪሙ አልተስማማበትም። ከተኮላሸም በኋላ በማግስቱ ሰንጋ ሆነ ማለት አይደለም፤ ጠባዩ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል፣ ባዝራ ባለበት ግቢ ቢሆን ኖሮም ስድስት ሳምንት ያህል መለየት ነበረበት።

ዳማው ዛሬ ይሠራል፤ አይነክስም። አምባላዩ ቀድሞት ከበር ከወጣ ግን እስካሁን ከእግር ወደ እግር እየተወዛወዘ ያሽካካል። ነጂው መላ አግኝቶለታል፤ ጠዋት መጀመሪያ የሚጠመደው ዳማው ነው፣ አምባላዩ አጠገቡ ቆሞ ድርቆሹን እያኘከ።