የንጉሡ ማንኪያ ያልኳት

የድሮ የሆላንድ የብር ዕቃ መሰብሰብ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት የአንድ ሹካ ማኅተም ማንንም ሳልጠይቅ አንብቤ ጨረስኩ። ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው።

አጀማመሬ ያሳፍራል። "90" የተመታባቸውን ሹካዎች 90 ከመቶ ብር ናቸው ብዬ ገዛሁ። ለካ ከላይ ብቻ ብር የተቀባ ሌላ ብረት ናቸው። ቁጥሩ ለሁለት ደርዘን ዕቃ ቅብ የዋለው ብር ስንት ግራም እንደሆነ ነው የሚናገረው። ይለፍ።

ያንገላታችኝ አንዲት የሾርባ ማንኪያ ናት። ዴን ሃግ ውስጥ፣ አሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ፣ "ደብልዩ" ተቀርጾባት ከላዩ ዘውድ ያለባት። ሻጩ "የንጉሥ ቪለም ሦስተኛው ናት" አለኝ። ስንት እንደከፈልኩ አልነግራችሁም።

እ.ኤ.አ. ከ1815 እስከ 1948 ሆላንድ ላይ የነገሡት ሁሉ ስማቸው በደብልዩ ይጀምራል፤ ሦስት ቪለሞች፣ ቀጥላ ቪልሄልሚና። ስለዚህ ዓመቱን ሳያውቁ ፊደሏ ዋጋ የላትም። እኔ ደግሞ የሮማዊቷ አምላክ የሚኔርቫ ራስ ባለበት ማኅተም፣ ራስ ቁሯ ላይ ያለችውን "ሲ" የዓመት ፊደል መስላኝ ወራት ፈጀሁ። እሷ ብሩን የመረመረውን ቢሮ ነው የምትናገረው፤ ዴን ሃግ ማለት ናት። የዓመቱ ፊደል ለብቻው ይመታል። በየ25 ዓመቱ ገደማ በሌላ ቅርጽ ከ"ኤ" ይጀምራል። የአንበሳ ምስል ያለበት ማኅተም ደግሞ የብሩን ጥራት ነው የሚናገረው፤ እስከ 1953 ድረስ "1" ያለበት 934፣ "2" ያለበት 833 ከሺህ ነበር።

አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ገዝቼ ሳይ፣ የማንኪያዋ ፊደል በ1910 ከጀመረው ተራ ሆነች። ቪለም ሦስተኛው የሞተው በ1890! የቪልሄልሚና ትሆን ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ዘውዱን ሳጤን ግን ከላይ ክፍት ነው፣ ዕንቁ ተደርድሮበታል። የንጉሥ ዘውድ በቅስት ይዘጋል፣ ጫፉ ላይ ሉልና መስቀል አለው። የኔዋ የሆነ መኳንንት ቤት ማንኪያ ነበረች።

እና ምክሬ? ከቤተ መንግሥት ወጣ የሚል ሻጭ ወረቀቱን ያምጣ። የሠሪው ድርጅት "ንጉሣዊ" የሚል ማዕረግ ስላለው ብቻ አትመኑ። ብርን ፈሳሽ ኬሚካል ውስጥ የሚነክር ሰው ደግሞ ያናድደኛል፤ ቅርጹን የሚያጎላውን ጥቁረት ያጥበዋል። እኔ ራሴ ግን የመጀመሪያዎቹን ሹካዎች በጥርስ ሳሙና ፈትጌ ቅባቸውን ልጬዋለሁ።

ማንኪያዋን አልሸጥኳትም። ባለቤቴ ሾርባ በሠራች ቁጥር "የንጉሡን አምጣ" ትለኛለች።