የፒካፔን የፊት ፍሬን ሸራ በገዛ እጄ የቀየርኩበት ቀን

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር ዋሻ ውስጥ አልፎ ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሾፌር ለፍሬኑ ልዩ ጆሮ አለው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ውርጫም ጫፍ እስከ ሮቢት ቆላ ድረስ እግሩን ከፔዳል ላይ የሚያነሳበት ቦታ ጥቂት ነውና። እኔም በነጠላ ጋቢና ሂሉክስ ድንችና ባቄላ ጭኜ እየወረድኩ፣ ሽንኩርትና ማሾ ይዤ የምመለስ ሰው ስሆን፣ ጆሮዬ የነገረኝን ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳልሰማው ቀረሁ።

መጀመሪያ ላይ ፍሬን ስይዝ የሚሰማው ቀጭን ሲጥሲጥታ ብቻ ነበር። በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቄ ብመለከት፣ ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን ዲስክ ከውጪና ከውስጥ ከሚጨብጡት ሁለት ሸራዎች የውጪው ገና ግማሽ ያህል ውፍረት ስለነበረው፣ «አቧራ ገብቶበት ይሆናል» ብዬ ተውኩት። ድምፁ ወደ ብረት ፍጭት ሲለወጥና መኪናዋም ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ወደ አንድ ወገን መሳብ ስትጀምር ግን ጭነቱን ለሌላ ሰው ሰጥቼ በግቢዬ አቆምኳት።

ሂሉክስ ሁሉ አንድ ዓይነት ሸራ ስለማይጠቀም ሊብሬውን ይዤ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩና በሻንሲ ቁጥሩ ለሁለቱም የፊት እግሮች የሚሆኑ አራት ሸራዎች ገዛሁ። አንዱን እግር ብቻ መቀየር፣ ቁጠባ ቢመስልም፣ መኪናውን ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን እንዲስብ ያደርገዋል። ከዚያ በደልዳላ ቦታ የእጅ ፍሬን ስቤ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ደገፍኩ፤ ዳዶዎቹን ጎማው መሬት ላይ እያለ አላልቼ በክሪክ አነሳኋት። ክሪክ ብቻውን አይታመንምና ስኮርታውን ጎማ ከሻንሲው ሥር አስገባሁ።

በቀኙ በኩል ጀመርኩ። የእኔዋ ካሊፐር (ሸራዎቹን አቅፎ የሚይዘው ብረት) በሁለቱም ጎን ሁለት ሁለት፣ በድምሩ ሸራውን ወደ ዲስኩ የሚገፉ አራት ፒስተኖች ያሉት ስለሆነ፣ ካሊፐሩን ሳይፈቱ ሁለቱን ፒኖች በፒንሳ ስቦ ሸራዎቹን ወደ ኋላ ማውጣት ይቻላል። ሸራዎቹንና ፒኖቹን የሚይዙት ሽቦዎች እንዴት እንደተቀመጡ በስልኬ ፎቶ ማንሳቴ በኋላ ብዙ ድካም አድኖኛል። የሸራውን አቧራ እንደ ልማዴ በአፌ እፍ ልለው ስል ትዝ አለኝና በውኃ በራሰ ጨርቅ ጠረግሁት፤ ወደ ሳንባ የሚገባ ነገር አይደለም።

ስህተቴ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱንም ሸራዎች በአንድ ጊዜ አውጥቼ አንዱን ፒስተን ወደ ውስጥ ስገፋ፣ ከጎኑ ያለው እየተንሸራተተ ወጣ፤ እሱን ስመልስ ደግሞ ማዶ ያለው ብቅ አለ። በዚያ ላይ የተገፋው የፍሬን ዘይት ወደ ማጠራቀሚያው ተመልሶ ሞልቶ ፈሰሰ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላልና ወዲያው በውኃ ባላጥበው ኖሮ የቦዲው ቀለም ይላጥ ነበር። በኋላ እንደገባኝ፣ አሮጌውን ሸራ በአንደኛው ጎን ትቶ በሌላኛው ጎን ያሉትን ሁለት ፒስተኖች በአሮጌ ሸራና በካቻቢቴ እኩል፣ ቀስ እያሉ መግፋት ይገባል፤ ከዚያ በፊትም ከማጠራቀሚያው ጥቂት ዘይት በመርፌ መምጠጥ ነው።

ግራውን ስፈታ የጩኸቱ ምክንያት ታየ። እኔ በቸርኬው ቀዳዳ ያየሁት የውጪው ሸራ ደህና ሲሆን፣ የውስጠኛው ግን አልቆ ባዶ ብረቱ ዲስኩን ሲፍቅ ከርሟል። በውስጠኛው ጎን ካሉት ፒስተኖች የአንደኛው የአቧራ መከላከያ ጎማ ተቀዶ ዝገት ገብቶበት ስለነበር፣ አንዴ ከወጣ በኋላ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ፔዳሉን ብለቅም ሸራው ዲስኩን እንደያዘ ይሄዳል ማለት ነው። ከዚህ በፊት ሸራ የቀየረልኝ ጋራዥ ይህን ፒስተን ሳያይ አዲስ ሸራ ብቻ አስገብቶ ሸኝቶኝ ነበር።

ጎረቤቴ የነበሩ አንድ የድሮ የከባድ መኪና ሾፌር አጎንብሰው ተመለከቱና «ልጄ፣ ይህን እንዲህ አድርገህ ከዘጋኸው በወሩ እዚሁ ትገናኛላችሁ» አሉኝ። «ጋሼ፣ በመዶሻ ብመታውስ?» ብላቸው መልስ እንኳ አልሰጡኝም። ካሊፐሩን ፈትቼ ለምተማመንበት መካኒክ ወሰድኩ፤ ፒስተኑ ተጠርጎ ጎሚኒዎቹ (ዘይት እንዳይወጣ፣ አቧራ እንዳይገባ የሚከላከሉት ጎማዎች) ተቀየሩ። መልሼ ከገጠምኩት በኋላ መካኒኩ ራሱ መጥቶ አዲስ ዘይት ሞላና፣ ፔዳሉን ሳይረግጥ፣ በመስመሩ የገባውን አየር አስወጣልኝ። ሸራ መቀየር የእኔ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ የዘይት መስመር የተከፈተበት ፍሬን ግን በልምድ ማነስ የሚሞከር አይደለም። በዲስኩ ላይ የቀረው ጭረት ጥፍርን እምብዛም ስለማይዝ ተውኩት።

ሞተሩን ከማስነሳቴ በፊት ፔዳሉን ብረግጠው እስከ ወለሉ ሰመጠ። ፒስተኖቹ ወደ ኋላ ስለተገፉ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ከአራት ወይም ከአምስት ርግጫ በኋላ ጠነከረ። ይህን ሳላደርግ ከግቢው በር ወጥቼ ቢሆን ቁልቁለቱ ላይ ምን ይይዘኝ እንደነበር አላውቅም። ከዚያ ባዶዋን ወደ ጫጫ በሚወስደው ሜዳማ መንገድ እየነዳሁ፣ ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 10 እስክትወርድ ፍሬን እየያዝኩ፣ ፈጽሞ ሳላቆማት፣ በመካከሉም እያቀዘቀዝኩ አሥር ጊዜ ያህል አዲሶቹን ሸራዎች ከዲስኩ ጋር አለማመድኳቸው።

በሳምንቱ ድንች ጭኜ ስወርድ ከዋሻው እንደወጣሁ ሞተሩ ራሱ እንዲይዛት በሁለተኛ ማርሽ ያዝኳት፤ ከዚህ በፊት በአራተኛ እየወረድኩ ፍሬን ላይ እተኛ ነበርና። ደብረ ሲና ቆሜ ቆሎ ሻጮቹ ሲከቡኝ፣ መዳፌን ሳላስነካ ወደ ሁለቱ የፊት ቸርኬዎች አቀረብኩ፤ የግራውና የቀኙ ሙቀት እኩል ነበር። አንድ ስኒ ቆሎ ገዝቼ ወደ ሮቢት ቀጠልኩ።