ሦስት ወር ሙሉ እርሾዬን በከንቱ ወቀስኩት

የዳቦ እርሾ ስቡ ቀላል ነው። አብዛኛው ፋቲ አሲዱ (ስቡ የሚሠራበት የካርቦን ሰንሰለት) 16 ወይም 18 ካርቦን አለው፤ ድርብ ቦንዱም ቢበዛ አንድ ነው። እኔ ግን ከእሱ የፈለግኩት ሪሲኖሌይክ አሲድ የሚባለውን ፋቲ አሲድ ነበር። የጉሎ ዘይትን እንደዚያ የሚያወፍረው እሱ ነው፤ ከዘይቱም ከ85 እስከ 90 በመቶ ይደርሳል።

ከተራው ኦሌይክ አሲድ የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው። 12ኛው ካርቦኑ ላይ የሃይድሮክሲል ቡድን (አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን) ተለጥፎበታል። ይህን የሚለጥፈው የጉሎ ኢንዛይም ጂኑ እ.ኤ.አ. በ1995 ታውቋል። ኦሌይክ አሲዱ እርሾው ውስጥ ሞልቷል። ጂኑን ማስገባት ብቻ ነው የቀረው አልኩ። ወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ይቀላል።

ጂኑን ፕላዝሚድ (ጂን ተሸካሚ ክብ ዲኤንኤ) ላይ አድርጌ በጋላክቶስ እንዲበራ አሰናዳሁት። ግሉኮስ ካለ አይበራም። ሴሎቹን ሳላጥብ ወደ ጋላክቶስ አዛውሬ አንድ ዙር ሥራ ገደል ገባ። እሱስ ይሁን።

ከዚያ ስቡን ወደ ሜቲል ኤስተር ቀይሬ፣ ከላይ የተንሳፈፈውን ሄክሴን (ስቡን ያሟሟው ፈሳሽ) በፒፔት ቀስ ብዬ ቀድቼ ጋዝ ክሮማቶግራፊው ላይ ጫንኩ፤ ፋቲ አሲዶቹን ለያይቶ እያንዳንዱን መስመር ላይ እንደ ጫፍ፣ ማለትም ፒክ፣ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። አራቱ የለመድኳቸው ፒኮች ተደርድረው ወጡ። አምስተኛ የለም። ደገምኩት። አሁንም የለም። ይባስ ብሎ ጂኑ የሌለበት ባዶ ፕላዝሚድ በያዘው ማነጻጸሪያ (ኮንትሮል) ላይ አንድ ሰፊ ጉብታ መጣ። ተበክሏል ብዬ ሄክሴኑን ቀየርኩ፤ ብልቃጡን ሁሉ አጠብኩ። ጉብታው አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ለይቶልኝ ላብድ ነበር።

«እስቲ ራሱን የጉሎ ዘይት አስኪጂው» አለችኝ አንዲት የላብ ጓደኛዬ። አስኬድኩት። ዘጠና በመቶ ገደማው ሪሲኖሌይክ የሆነ ዘይት ባዶ የሚባል መስመር ሰጠኝ! ያን ጊዜ ነቃሁ። ሃይድሮክሲሉ ሞለኪዩሉን ዋልታዊ (ፖላር፣ የኤሌክትሪክ ሙላቱ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ) ያደርገዋል፤ የእኔ ኮለምም (ናሙናው የሚያልፍበት የመሣሪያው ቀጭን ቱቦ) ዋልታዊ ስለነበር ይዞ ያቆየዋል። ፕሮግራሙ የተዘጋጀው ለተራ ፋቲ አሲድ ነው፤ ሪሲኖሌይኩ ሳይወጣ ያልቃል። ኮለሙ ውስጥ የቀረው በሚቀጥለው ናሙና ላይ ብቅ ይላል። ኮንትሮሉን ደግሞ ሁልጊዜ ከናሙናው ኋላ ነበር የማስኬደው። ጉብታው የራሴው ሪሲኖሌይክ ነበር።

ሃይድሮክሲሉን ኮለሙ እንዳይይዘው በሲሊል (ሲሊኮን ባለው ቡድን) ሸፈንኩት፣ ሰዓቱን አረዘምኩ፣ በናሙናዎቹ መሃል ንጹህ ሄክሴን ማስኬድ ጀመርኩ። ፒኩ ቀጥ ብሎ ወጣ። ትንሽዬ ነች፣ ግን አለች።

ያቺን ትንሽ ያሳደገልኝ ቅዝቃዜ ነው። እርሾ 30 ዲግሪ ይወዳል፤ የእጽዋቱ ኢንዛይም ግን በ20 ዲግሪ የተሻለ ሠራልኝ። ሴሎቹ እየተጎተቱ ነው የሚያድጉት፤ መታገስ ግድ ነው።

ያም ሆኖ መጠኑ አላጠገበኝም። ኢንዛይሙ የሚሠራው የሴል ሽፋኑ በተሠራበት ስብ (ፎስፎሊፒድ) ላይ ባለ ኦሌይክ ላይ ነው። እዚያ የተሠራው ሪሲኖሌይክ ሽፋኑን ይረብሻል፤ እርሾውም ነቅሎ ያወጣዋል። የጉሎ ፍሬ ግን ወደ ማከማቻ ዘይት የሚያስገባለት ሌላ ኢንዛይም አለው። ስለዚህ አሁን የእሱን ጂን ጨምሬያለሁ። ትናንት ፕሌቱ ላይ ኮሎኒዎች (የእርሾ ሴል ክምችቶች) ታይተዋል፤ ሰባት ናቸው፣ አንዷ ከሌሎቹ በጣም ታንሳለች። እሷን ነው መጀመሪያ የማሳድጋት።